እንጨት ወይስ ብረት? ጠጠርና ሣር ላይ ለሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን ፕሮፔለር አመራረጥ

ከአስፋልት ርቆ በወንዝ ዳር ጠጠር፣ በሣር ሜዳ ወይም በበረዶ ላይ የሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን ያለው ሰው ፕሮፔለር ለመቀየር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ከእንጨትና ከብረት የትኛው እንደሚሻል ነው። እኔ ደግሞ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ አውሮፕላንዎ የሚያርፈው በምን ዓይነት መሬት ላይ ነው? ሞተሩ የስንት ፈረስ ጉልበት ነው? ፕሮፔለሩን በእጅዎ እየዳሰሱ የሚመረምሩትስ በየስንት ጊዜው ነው? እንጨትም ሆነ ብረት የየራሱ አበላሸጥ አለው፤ አንዱ ሲጎዳ ይታያል፣ ሌላው ጉዳቱን በውስጡ ይዞ ይቆያል። ጥሩ ምርጫ የሚባለው አበላሸጡን ቀድመው ሊያዩትና ሊደርሱበት የሚችሉትን መውሰድ ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር በአላስካ በስፋት የሚበረውን ፓይፐር ሱፐር ካብ ፒኤ-18ን፣ ባለ 150 ፈረስ ጉልበቱን ላይካሚንግ ኦ-320 ሞተር የያዘውን፣ እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ። ከጎኑ ደግሞ ባለ 65 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያለውን ታላቅ ወንድሙን ጄ-3 ካብን አነሳለሁ። ሁለቱ በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ ናቸው፤ የሚስማማቸው ፕሮፔለር ግን የተለያየ ነው።

አስቀድሞ የተፈቀደውን ማወቅ

የመጀመሪያው ሥራ ሱቅ መሄድ ሳይሆን ሰነድ መክፈት ነው። እያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የሚገጠሙለትን ፕሮፔለሮች በሞዴል፣ በርዝመትና አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ሊያሳይ በሚገባው የዙር መጠን ለይቶ የሚዘረዝር የዓይነት ማረጋገጫ ሰነድ አለው። የሱፐር ካብ ሰነድ ቁጥር 1ኤ2፣ የጄ-3 ደግሞ ኤ-691 ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ፕሮፔለር ለመግጠም ተጨማሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር ያለው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም ሊቀበለው ይገባል። ይህን የወረቀት ሥራ ብቻ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዝርዝሩ የንዝረት ፈተና ውጤት ጭምር ነው። ለአንድ ሞተር የተስማማ ፕሮፔለር ለሌላው አደገኛ ሊሆን የሚችልበትን ምክንያት ወደ ታች እመለስበታለሁ።

እንጨቱ

የእንጨት ፕሮፔለር ከአንድ ግንድ የተጠረበ አይደለም። እያንዳንዳቸው ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ ሳንቃዎች በሙጫ ተጣብቀው ከተጨመቁ በኋላ የሚቀረጽ ነው። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 የበረሩባቸው ፕሮፔለሮችም በዚሁ መንገድ ከተጣበቀ የስፕሩስ እንጨት የተሠሩ ነበሩ። ዛሬ በብዛት የሚመረጠው ቢጫ በርች የሚባለው ጠንካራ እንጨት ነው። ጫፉና የፊት ጠርዙ ከጠጠርና ከዝናብ እንዲጠበቅ በቀጭን ነሐስ ወይም ዝገት በማይዘው ብረት ይለበጣል።

ትልቁ ጸጋው ንዝረትን መዋጡ ነው። የፒስተን ሞተር ጉልበቱን እንደ ውሃ በእኩል አያፈስም፤ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ክራንክሻፍቱን (ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን የሞተሩን ዘንግ) ይመታዋል። እንጨት ይህን ምት በቃጫው ውስጥ ያበርደዋል፤ በተደጋጋሚ በመታጠፍ ብዛት እንደ ብረት አይደክምም። ክብደቱም አንድ ዓይነት ሥራ ከሚሠራው የአልሙኒየም ፕሮፔለር ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። በ65 ፈረስ ጉልበት ለሚንቀሳቀስ ጄ-3፣ ከአፍንጫው ላይ ጥቂት ኪሎ መቀነሱ በአጭር ማረፊያ ላይ የሚሰማ ልዩነት ያመጣል። ቀላል በመሆኑም ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው ፈጥኖ ይነሳል። በአንጻሩ እንደ ከባድ መንኮራኩር ሆኖ ዙሩን የሚይዝለት ክብደት ስለሌለ በዝቅተኛ ዙር ሞተሩ ትንሽ ይንገጫገጫል፤ የሥራ ፈት ዙሩን ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ከብረት ወደ እንጨት ሲቀየር የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የክብደትና የሚዛን ስሌቱ እንደገና መሠራትና በመዝገብ መስፈር አለበት።

ዋናው ችግሩ እርጥበት ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ በበጋ የመጥረቢያው ዛቢያ ሲላላ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንጨቱ አብጦም ብረቱን አጥብቆ ይይዛል። በፕሮፔለር እምብርት (ከሞተሩ ጋር በሚታሰርበት መሃሉ) ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ጠብቀው የነበሩት ቡሎኖችም ይላላሉ። አየሩ ሲረጥብ ደግሞ እንጨቱ አብጦ ራሱን በቡሎኖቹ መካከል ይጨቁናል፣ ቃጫውም ይደቅቃል። ስለዚህ የእንጨት ፕሮፔለር ቡሎኖች ከመጀመሪያው በረራ በኋላ፣ ከዚያ ከ25 የበረራ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ወዲያ ቢበዛ በየ50 ሰዓቱ የጥብቀቱን ኃይል በሚለካ መፍቻ (ቶርክ ሬንች) ይፈተሻሉ። በእኔ ልማድ ወቅት በተለወጠ ቁጥር፣ ሰዓቱ ባይሞላም፣ አንድ ፍተሻ እጨምራለሁ። አላስካ ውስጥ የሐምሌን ዝናብ የጠጣ እንጨት በታኅሣሥ የሞቀ ሃንጋር ውስጥ ሲገባ በቀናት ውስጥ ይደርቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበር ቢኖርም ከክረምት ወደ በጋ የሚደረገው ሽግግር ያንኑ ያህል የሚያስጠነቅቅ ነው።

ቡሎን ላልቶ ሲበረር ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ ጄ-3 ላይ የእምብርቱን የፊት ሳህን ፈትተን ስናነሳ፣ ከሥሩ ያለው እንጨት በቡሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ እንደተቆላ ቡና ጠቁሮ ነበር። ሽታውም የተቃጠለ እንጨት ሽታ ነበር። የሞተሩ ጉልበት ወደ ፕሮፔለሩ የሚተላለፈው በዋናነት እምብርቱን በያዘው ጭምቅታ አማካይነት ነው፤ ጭምቅታው ሲላላ እንጨቱ በብረቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ይከስላል፣ ቀዳዳዎቹም ሞላላ ይሆናሉ። ያ ፕሮፔለር ከውጭ ሲታይ ቫርኒሹ የሚያበራ፣ አንድም ጭረት የሌለበት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የእንጨት ፕሮፔለርን በውጭ መልኩ አልፈርድም።

ከመጠን በላይ ማጥበቅም መፍትሔ አይደለም። እንጨቱን ያደቅቀዋል፣ የደቀቀ እንጨትም ተመልሶ አይነሳም። ቁጥሩ የሚወሰደው ከአምራቹ መመሪያ እንጂ ከሌላ አውሮፕላን ልምድ አይደለም።

ብረቱ

ብረት ብንለውም ፕሮፔለሩ የአልሙኒየም ቅይጥ ነው። አሜሪካዊው ሲልቫነስ አልበርት ሪድ ከአንድ ወጥ የአልሙኒየም ቅይጥ በሠራው ፕሮፔለር እ.ኤ.አ. የ1925ን የኮሊየር ሽልማት፣ በአሜሪካ ለአቪዬሽን ስኬት የሚሰጠውን፣ አግኝቷል። አልሙኒየም ጠንካራ በመሆኑ ብሌዱ (የፕሮፔለሩ ክንፍ) ቀጭን ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ቀጭን ብሌድ ደግሞ በተለይ ጫፉ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ አየሩን የሚቆርጠው በአነስተኛ ኪሳራ ነው። ዝናብ አያስጨንቀውም፣ ወቅት አያላላውም፣ በጠጠር ሲመታም በአብዛኛው በሞረድ የሚስተካከል ትንሽ ሽርፍ ይዞ ይመለሳል። ረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ሲያረጅም በተፈቀደለት የጥገና ድርጅት ታድሶ ውፍረቱና ስፋቱ ከወሰኑ በታች እስካልወረደ ድረስ ወደ ሥራ ይመለሳል።

ደካማ ጎኑ ድካም ነው። አንድ ሽቦ በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ቢያጥፉት ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራል። አልሙኒየም ብሌድም በእያንዳንዱ የሞተር ምት በጥቂቱ ይታጠፋል። ንጹሕ ከሆነ ለብዙ ሺህ ሰዓታት ይሸከመዋል። በፊት ጠርዙ ላይ ጠጠር የተወው ስለታም ሽርፍ ካለ ግን ጫናው ሁሉ በዚያ ጠባብ ጥግ ላይ ይከማቻል፣ ከጥጉም ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቁ የሚያድግበትን ቀን ማንም አያውቅም።

ብሌድ ሲቆረጥ የሚሆነውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በደቂቃ 2700 ዙር በሚሽከረከር ፕሮፔለር ላይ፣ ከመሃሉ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ያለ 100 ግራም ብቻ የሚመዝን ቁራጭ ቢወድቅ፣ ሞተሩን በየዙሩ የሚጎትተው ያልተመጣጠነ ኃይል ወደ 800 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። ሞተሩን ከአውሮፕላኑ ጋር ያያዙት ቧንቧዎች ለዚህ አልተሠሩም። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላለው ሽርፍ ግድ የሌለውን አብራሪ ስመለከት ልቤ ይፈራል።

አብዛኞቹ የብረት ፕሮፔለሮች በሚሠሩበት የዙር ክልል ውስጥ ደግሞ የሞተሩ ምትና የብሌዱ ተፈጥሯዊ ንዝረት የሚገጣጠሙበት ጠባብ ክፍል ሊኖር ይችላል። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ፓይፐር ቼሮኪ 180 ነው፤ በላይካሚንግ ኦ-360 ሞተሩ ላይ ከተገጠመው የሴንሰኒች ፕሮፔለር ጋር ከ2150 እስከ 2350 ዙር ባለው ክልል ውስጥ መቆየት ተከልክሏል። በክልሉ ውስጥ ማለፍ ይቻላል፣ መኖር አይቻልም። የእርስዎ ሞተርና ፕሮፔለር ይህን የመሰለ ገደብ ካላቸው፣ የዙር መለኪያው እውነት መናገሩን በሌላ መሣሪያ ማረጋገጥ አለብዎት፤ አሮጌ መለኪያ በ100 ዙር ቢሳሳት የተከለከለውን ክልል የተፈቀደ አስመስሎ ያሳያል።

ርዝመትና ፒች

ስለ እንጨትና ብረት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ በእርግጥ የርዝመትና የፒች ክርክር ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን በጠንካራ ነገር ውስጥ ቢሽከረከር በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ነው። ሱፐር ካብ ላይ የተለመደው የጉዞ ፕሮፔለር 74 ኢንች ርዝመትና 56 ኢንች ፒች ያለው ብረት ነው፤ በ2700 ዙር በስሌት በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አላስካዎች በጣም የሚወዱት፣ ቦረር እየተባለ የሚጠራው ደግሞ 82 ኢንች ርዝመትና 41 ኢንች ገደማ ፒች አለው፤ በዚያው ዙር በስሌት 169 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል። ረጅምና ዝግተኛ ጥርስ ነው፤ በጉዞ ላይ ፍጥነት ይሰዋል፣ በመነሻ ላይ ግን ከአጭር የጠጠር ደለል አውሮፕላኑን እንደ ገመድ ስቦ ያነሳዋል።

እዚህ ላይ ነው ቁሱ የሚወስነው። ባለ 82 ኢንቹ ፕሮፔለር በ2700 ዙር ጫፉ በሴኮንድ 294 ሜትር ይከንፋል። በ15 ዲግሪ ሙቀት ይህ የድምፅ ፍጥነት 86 በመቶ ነው። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ዝግ ስለሚል፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚሆንበት የአላስካ ጠዋት ያው ጫፍ የድምፅን ፍጥነት 94 በመቶ ይደርሳል፤ ጩኸቱ ከሩቅ የሚሰማውም ለዚህ ነው። በዚህ ፍጥነት ወፍራም የእንጨት ጫፍ ጉልበቱን በጩኸትና በግጭት ያባክነዋል፣ ቀጭኑ አልሙኒየም ግን አሁንም ይስባል። ስለዚህ 150 ፈረስ ጉልበትን በረጅም ፕሮፔለር ወደ አጭር መነሻ ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ብረት ነው። በጄ-3 ላይ ግን ጫፉ ዝግተኛ፣ ጉልበቱም ትንሽ በመሆኑ የብረት ቅጥነት የሚሰጠው ትርፍ ጥቂት ነው፤ የእንጨት ቅለትና ልስላሴ ይበልጣል።

ርዝመት ዋጋ አለው። ከ74 ወደ 82 ኢንች ሲኬድ ጫፉ ወደ መሬት በ10 ሴንቲ ሜትር ይቀርባል። የጅራት ጎማ ላለው አውሮፕላን ከመሬት ቢያንስ 23 ሴንቲ ሜትር፣ ከውሃ ደግሞ 46 ሴንቲ ሜትር ክፍተት እንዲኖር የአሜሪካ ደንብ ይጠይቅ ነበር፤ በትልልቅ ለስላሳ ጎማዎች የሚበሩት አላስካዎች ይህን ክፍተት ከጎማው ቁመት ያገኙታል። እርስዎ ትንሽ ጎማ ካለዎት በሜትር ለክተው ያረጋግጡ፤ የሚለካውም አውሮፕላኑ ጅራቱን አንሥቶ ለመብረር በተስተካከለበት ሁኔታ ነው።

ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከአዲስ አበባ አካባቢ ለሚነሳ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ከፍታ ያለ ተጨማሪ አየር መጭመቂያ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ላይ ተስማሚ የሆነው ከፍተኛ ፒች በደጋ ሞተሩን አፍኖ ዙሩን ያስቀረዋል። ቁሱ ምንም ይሁን ምን ዝቅ ያለ ፒች ይምረጡ።

መሬቱ ምን ይላል

ዋናው ሥራዎ በሣርና በበረዶ ላይ ከሆነ፣ ሞተርዎም ከ65 እስከ 90 ፈረስ ጉልበት ባለው ክልል ውስጥ ካለ፣ አውሮፕላኑም ሲቆም ጣሪያ ካለው፣ እንጨት ይውሰዱ። በደረቅ ጠጠር ላይ በየሳምንቱ የሚያርፉ፣ ከውሃ ላይ የሚነሱ ወይም አውሮፕላኑን ሜዳ ላይ የሚያሳድሩ ከሆነ ብረት ይውሰዱ። ከውሃ የሚነሳ ፕሮፔለር የሚመታው ርጭት ጠብታ ቢመስልም በዚያ ፍጥነት እንደ ጠጠር ነው፤ የእንጨቱን የፊት ጠርዝ በአንድ ወቅት ሊበላው ይችላል። በመካከል ላሉት የእንጨት እምብርት በካርቦን ወይም በመስታወት ቃጫ የተለበጠባቸው ፕሮፔለሮች አሉ፤ ዋጋቸው ከበድ ይላል እንጂ የሁለቱን ጸባይ በከፊል ያጣምራሉ።

የአብራሪው እጅም ከቁሱ እኩል ይወስናል። ጠጠር ላይ ቆመው ሞተር አይፈትኑ፤ ፍተሻውን በሣር ወይም በጠንካራ መሬት ላይ ይጨርሱ። ጠጠር ላይ ሲነሱ አውሮፕላኑ መንከባለል ሲጀምር ጋዙን በእርጋታ ይጨምሩ፣ ፕሮፔለሩ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ሲመጥ ወደ ኋላ ትተውት እንዲሄዱ ነው። በዝናብ ውስጥ በእንጨት ፕሮፔለር ሲበሩ ዙሩን ዝቅ ያድርጉ።

የእጅ ፍተሻ

ለብረት፣ ማግኔቶው (ለሞተሩ የማቀጣጠያ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) መዘጋቱን ካረጋገጡ በኋላ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ጥፍርዎን በፊት ጠርዙ ላይ ከእምብርቱ እስከ ጫፍ ያስኪዱ። ዓይን ያላየውን ጥፍር ይይዘዋል። ማንኛውም ፕሮፔለር ማግኔቶው ቢዘጋም ሊነሳ እንደሚችል አስበው ከመሽከርከሪያው ክልል ውጭ ይቁሙ። ሽርፍ ካገኙ ሥልጣን ያለው መካኒክ በለስላሳ ሞረድ በብሌዱ ርዝመት አቅጣጫ እየሞረደ ጉድጓዱን ወደ ገበታ መሰል ለስላሳ ዝቅታ ይለውጠዋል፤ የዝቅታው ርዝመት ከጥልቀቱ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ከዚያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ፣ ስንጥቅ አለመኖሩ በማጉያ መነጽር ወይም በሚሰርግ ቀለም ተፈትሾ፣ ቀለም ይቀባል። ሽርፉን በመዶሻ ቀጥቅጦ መዝጋት ወይም በማጣበቂያ መሙላት ስንጥቁን መደበቅ ነው። የታጠፈ ብሌድንም በሜዳ ላይ ማቅናት የተከለከለ ነው።

ለእንጨት፣ ሳንቃዎቹ የተጣበቁበት መስመር አለመከፈቱን፣ የጫፉ ልባጥ ምስማሮች አለመነሳታቸውን፣ ቃጫውን አቋርጦ የሚሄድ ስንጥቅ አለመኖሩን ይመልከቱ። በልባጡ ጫፍ ላይ ውሃ እንዲወጣ የተበሱትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቫርኒሽ እንዳይደፍኗቸው። አውሮፕላኑን ሲያቆሙ ብሌዶቹን አግድም ያድርጓቸው፤ ቁልቁል የቆመ ብሌድ እርጥበቱን ሁሉ ወደ ታችኛው ጫፍ ያወርድና ሚዛኑን ያጣል።

ሁለቱንም በሚመለከት፣ የሞተሩ ካንዴላዎች ወጥተው አንድ እንጨት ከጫፉ ሥር መሬት ላይ አስደግፈው የአንዱን ብሌድ ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ሌላውን በእጅ አዙረው ያምጡት። የጫፎቹ ልዩነት ለብረት ከ1.6 ሚሊ ሜትር፣ ለእንጨት ከ3 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ካለፈ መንስኤው የተጣመመ ብሌድ፣ ያልተስተካከለ የቡሎን ጥብቀት ወይም የከፋው፣ የተጣመመ ክራንክሻፍት ሊሆን ይችላል።

እንጨት መሬት ሲመታ ይፈረካከሳል፣ ጉዳቱም ሁሉ በራሱ ላይ ያለቀ ስለሚመስል ብዙ ሰው አዲስ ገጥሞ ይበራል። የሞተሩ አምራች ላይካሚንግ ግን በአገልግሎት ማስታወቂያ ቁጥር 533 ፕሮፔለሩ ጠንካራ ነገር መትቶ ዙሩ ከወረደና ከቀላል ሙረዳ ያለፈ ጥገና ካስፈለገው፣ የተሠራበትን ቁስ ሳይለይ፣ ሞተሩ ተፈትቶ እንዲመረመር ይመክራል። በክራንክሻፍቱ ጫፍ ያለው የማርሽ ቡሎንም በዚያ ምት ሊጎዳ ስለሚችል የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት በ2004-10-14 ቁጥር ባወጣው የአየር ብቁነት መመሪያ የዚህን ክፍል ምርመራ ግዴታ አድርጎታል። ስለዚህ የእንጨት ፕሮፔለር ሲገዙ ርካሽነቱን ከስብራት በኋላ ከሚጠብቅዎት የሞተር ፍተሻ ወጪ ጋር አብረው ያስሉ፤ የተሰበረውን ፕሮፔለር ቁራጮችም ለመካኒኩ ይዘው ይሂዱ፣ የምቱን አቅጣጫና ክብደት ከስብራቱ ያነባልና።